ስለ አንድ የተሳሳተ ሰዓት

ወደ ሐይቅ የመጣ መንገደኛ ሁሉ ታላቁን ሐይቅ አይቶ፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ተሳልሞ ይመለሳል፤ አርዲቦን ግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከታላቁ ሐይቅ ከፍ ባለ ስፍራ፣ በተራሮች መካከል ተቀምጧል። እኛም ነገር በከበደን ጊዜ የተማሪዎቻችንን ደብተር እንደ ተከመረ ትተን ወደዚያ መሄድ ልማዳችን ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 29 ቀን ቅዳሜ ወደ አርዲቦ ስንሄድ ግን ብቻችንን አልነበርንም፤ ከ16 ዓመት በፊት በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርነው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ በአንድ ባንክ የሚሠራ ወጣት አብሮን ነበር። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነው። የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት እየተፈጸመ ስለ ነበረ፣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያወጡ ቆመን የተመለከትነው ለዓይናችን ብቻ ነበር።

የዚህ ወጣት ሥራ ምን እንደ ሆነ በሰፈራችን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌሊት ሌሊት እንደሚሠራ ስለ ተሰማ፣ ጎረቤቶቹ በባንክ ቤት ዘበኝነት የተቀጠረ ይመስላቸው ነበር፤ እናቱም፣ ያን ሁሉ ትምህርት ተምሮ ለዚህ መብቃቱ ነውን እያለች በልቧ ታዝን ኖሯል። እኛም ብንሆን ከዚያ የተሻለ ዕውቀት አልነበረንም።

«የሥራህ ስም ማን ይባላል?» ብለን ብንጠይቀው፣

«በሳይበር ደኅንነት ክፍል የሥጋት አዳኝ ተንታኝ ነኝ፣ ጋሼ» አለን።

አዳኝ የሚለው ቃል ፈገግ አሰኘን፤ ልጁ በተማሪነቱ ዘመን ውሻ ባየ ቍጥር ከኋላችን የሚሸሸግ ነበርና። ዳሩ ግን በዚያን ቀን ብዙ ለመሳቅ የሚበቃ ልብ አልነበረንም። ምክንያቱን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት በሁለት ስፍራ ይጠበቃል። አንደኛው መምህሩ በእጁ የሚጽፈው ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር የሚመዘገበው ሮስተር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አገራችንን ወሎን በረገጠ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን ስላጡ፣ ይህች አንዲት ኮምፒዩተር ከብዙ ልመና በኋላ የተገኘች ናት። የሮስተሩ ኀላፊ እኛ ነበርን። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ጸሐፊ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምትይዝ ሴት ናት።

የካቲት 19 ቀን፣ ሰርተፊኬት ከመታተሙ በፊት፣ ሮስተሩን በእጃችን ካለው ዝርዝር ጋር አመሳከርነው። ይኸን ማድረግ ማንም አላዘዘንም፤ በልጅነታችን የኔታ የተገለበጠ መጽሐፍ ከእናቱ ጋር ሳይመሳከር እንዳይነበብ ይከለክሉን ስለ ነበረ፣ ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ብናመሳክር የ3 ተማሪዎች የሒሳብ ውጤት ተለውጦ አገኘነው። 38 የነበረው 58፣ 31 የነበረው 51፣ 35 የነበረው 55 ሆኗል። ፋይሉ መቼ እንደ ተለወጠ ብናይ ኮምፒዩተሩ ፌብሩዋሪ 20፣ 4:10 ይላል። ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ብንመልሰው ሐሙስ የካቲት 13 ሆነ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ መምህራን ሁሉ በክፍላቸው ነበሩ፤ በጽሕፈት ቤት የነበረችው ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ከሦስቱ ተማሪዎችም አንዱ የአክስቷ ልጅ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በማግሥቱ ርእሰ መምህሩ ከሥራ አገዷት፤ እኛም በቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማችንን አኖርን።

ስትወጣ በበሩ አጠገብ ቆማ፣ «መምህር፣ እርስዎም ያምናሉ?» አለችን።

«ኮምፒዩተር አይዋሽም» ብለን መለስንላት።

እንግዲህ በአርዲቦ ዳር በተቀመጥንበት ቀን ይህ ከሆነ ዘጠኝ ቀን አልፎ ነበር። እውነት የያዘ ሰው ስለ ምን እንቅልፍ እንደሚያጣ ለራሳችን ማስረዳት አልቻልንም። ለወጣቱም ወዲያውኑ አልነገርነውም፤ የትምህርት ቤቱን ጉድ ለእንግዳ መግለጥ አሳፍሮን፣ ይልቁንስ ስለ ሥራው እንዲያወራን ጠየቅነው።

«ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ይከለክላል» አለን። «የባንኩም ኮምፒዩተሮች እንዲህ ያለ ዘበኛ አላቸው፤ የታወቀ ሌባ ሲመጣ መልኩን አይቶ ደወል ይደውላል። ያልታወቀ ሌባ፣ ወይም የቤተሰቡን ልብስ ለብሶ የገባ እንደ ሆነ ግን ደወሉ ዝም ይላል። እኔ ደወል አልጠብቅም። ሌባው አስቀድሞ ገብቶ በጓዳ ተቀምጧል ብዬ እነሣለሁ። ከዚያም ‘የሒሳብ ሹሙን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ቢኖር ምን ዱካ ይተው ነበር?’ ብዬ አስብና ያን ዱካ እፈልጋለሁ። ብዙውን ጊዜ አላገኝም። አለማግኘቴም ሥራ ነው።»

ዱካው የሚገኘው በመዝገብ ነው። ኮምፒዩተር ሁሉ ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ ምን እንደ ከፈተ፣ ከየትኛው ኮምፒዩተር ጋር እንደ ተነጋገረ በተራ ቍጥር እያሰፈረ ይሄዳል፤ በእነርሱ ቋንቋ ሎግ ይባላል። የአንድ ትልቅ ባንክ የአንድ ቀን ሎግ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ የሚጨርሰው አይደለም፤ ስለዚህ አዳኙ አያነበውም፣ ይጠይቀዋል እንጂ። ለመጠየቅ ደግሞ ልማዱን ማወቅ አለበት። ማን ማለዳ እንደሚገባ፣ ማን አምሽቶ እንደሚሠራ፣ የትኛው ኮምፒዩተር ሌሊት እንደሚተኛ ያላወቀ ሰው፣ ያልተለመደውን ነገር ቢያየውም አያየውም።

ይህን ሲናገር ከፊታችን አንድ አጥማጅ መረቡን በጭኑ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። ወጣቱም፣ «ያ ሰው አሁን የሚፈልገው ዓሣ አይደለም፤ የተቀደደውን ዐይን ነው። እኔም የምሠራው ይኸንኑ ነው» አለን። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ለዚህ ተግባር መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ብሎ መሰየሙ ትዝ አለን፤ ያን ጊዜ ስሙን በሬዲዮ ስንሰማ ትርጕሙ አልገባንም ነበር።

የዚህ ሥራ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ከ75 ሳንቲም ይጀመራል አለን። በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሎረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ፣ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ በኮምፒዩተር ክፍል ተመድቦ ሲሠራ፣ ከኮምፒዩተር ኪራይ ሒሳብ 75 የአሜሪካ ሳንቲም ይጐድላል፤ ምክንያቱን ፈልግ ይሉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ከኪሱ ከፍሎ ይገላገል ነበር። እርሱ ግን ጉድለቱን ተከትሎ ወራት ሙሉ ሲከታተል፣ በመጨረሻ በጀርመን አገር በሐኖቨር ተቀምጦ የአሜሪካን የጦር ኮምፒዩተሮች እየበረበረ ለሶቪዬት ኅብረት የስለላ ድርጅት የሚሸጥ ሰው ላይ ደረሰ። እኛም ሒሳብ አስተማሪ ነንና በዚህ ታሪክ ደስ አለን፤ ተማሪዎቻችን በአንድ ሳንቲም ለምን እንከራከራለን ሲሉን የምንመልሰው አንድ ነገር አገኘን።

ሁለተኛው የነገረን ግን ከባሕር ማዶ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ፣ በቻይና መንግሥት ስጦታ በ200 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ፣ በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በ2018 እ.ኤ.አ. ጥር ወር እንደ ጻፈው፣ ከአንድ ዓመት በፊት የኅብረቱ ባለሙያዎች አንድ እንግዳ ነገር አይተው ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሚበዛባቸው ቢሮዎቹ ባዶ በሆኑበት ጊዜ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ነበር። ተከታትለው ቢያዩ የኅብረቱ መረጃ እየተገለበጠ ወደ ሻንግሃይ ይሄዳል፤ ይህም ሕንፃው ከተመረቀበት ዓመት ጀምሮ የቆየ ነው ሲል ጋዜጣው ገለጠ። የቻይና መንግሥት ሐሰት ነው አለ፤ የኅብረቱም መሪዎች አስተባበሉ። እኛ በዚህ ነገር ፍርድ ልንሰጥ አንችልም። የወጣቱ ነገር ግን ስለ ፍርዱ አልነበረም፤ «ጋሼ፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ደወል የደወለ የለም። አንድ ሰው ሰዓት አይቶ ‘በዚህ ሰዓት የሚሠራው ማን ነው?’ ብሎ ጠየቀ፤ ይኸው ነው» አለን።

ቀጥሎም፣ ሮይተርስ በ2020 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር እንደ ዘገበው፣ ከጃፓን ባለሙያዎች የመጣ ጥቈማ የኅብረቱን ሠራተኞች ወደ አንድ የቈየ ሕንፃ ምድር ቤት መራቸው፤ በዚያ ካሉ ኮምፒዩተሮች የጥበቃ ካሜራዎቹ ምስል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ይህኛው የሚወጣው ግን ሌሊት አይደለም። በሥራ ሰዓት ከሌላው ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሲቀንስ እርሱም ይቀንሳል። ይኸንንም ቻይና አስተባብላለች። የፊተኛው ሌባ ሰው በሌለበት ሰዓት ሠራ፤ የኋለኛው የሰውን ልማድ ተማረ። «አሁን እኔ የምፈራው» አለ ወጣቱ፣ «ምሳ ሰዓት የሚያከብረውን ነው።»

አንድ ቍጥርም ጨመረልን። ማንዲያንት የሚባለው ድርጅት በየዓመቱ እንደሚያወጣው መግለጫ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገብ በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ሳይታወቅ የሚቈይበት መካከለኛ ጊዜ 416 ቀን ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 10 ቀን ወርዷል። አዳኞች ብርቱዎች ስለ ሆኑ ብቻ ግን አይደለም፤ ከዘራፊዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ፋይሉን ቈልፈው ገንዘብ አምጡ ብለው ራሳቸው ስለሚጮኹ ነው። በየቤቱ ስልክ እየደወሉ ከባንክ ነን፣ የተላከልዎትን ቍጥር ይንገሩን የሚሉትም ከእነዚህ የባሱ ሰነፎች ናቸው አለ፤ ያን ቍጥር እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ፈጽሞ አይጠይቅም።

«ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ የያዝኸው ሌባ ስንት ነው?» አልነው።

ወጣቱ ዝም ብሎ ውኃውን ሲመለከት ቈይቶ፣ ልይዘው ጥቂት ቀርቶኝ የነበረውን ልንገርዎት አለና አንድ ነገር አወጋን። በሥራው መጀመሪያ ዓመት የአንዲት ሠራተኛ ስም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ያያል፤ ደግሞ በሳምንቱ፤ ደግሞ በሳምንቱ። የይለፍ ቃሏ ተሰርቋል፣ አለዚያም ራሷ ተባባሪ ናት ብሎ ሪፖርት ጽፎ ጨረሰ። ሊልከው ሲል አንዲት የሥራ ባልደረባው፣ «ልማዷን ታውቃለህን?» አለችው። ቢጠይቅ ሴቲቱ የሕፃን እናት ናት፤ ልጇ በዚያ ሰዓት ስለሚነሣ፣ አጥብታው ስታበቃ በአለቃዋ ፈቃድ የቀረባትን ሥራ ከቤቷ ሆና ትሠራ ኖሯል። «ያን ወረቀት ልኬው ቢሆን» አለን፣ «ከዚያ በኋላ እውነቱ ቢወጣም እርሷን ያየ ሁሉ ያን ወረቀት ያስብ ነበር።» በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 6 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውንም አስታወሰን። ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጡ አድረው፣ በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ባንኩ ተጠለፈ ብሎ ነበር፤ ባንኩ ግን የገዛ ራሱ የአሠራር ብልሽት እንጂ ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል።

በዚህን ጊዜ የጸሐፊዋን ነገር ነገርነው። የጀመርነው ለመመስገን ነበር ማለት ይቻላል፤ እኛም እንደ አንተ ሌባ ያዝን ለማለት። እየተናገርን ስንሄድ ግን ድምፃችን እየወረደ መጣ።

ወጣቱ እስከ መጨረሻው አዳምጦ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጸሐፊዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በጽሕፈት ቤት ምን ታደርግ ነበር?»

አልገባንም። ደግሞ ጠየቀን። የኮምፒዩተሩ ሰዓት በፈረንጅ አቈጣጠር የተሞላ ነው ወይ አለን። አዎን፣ ራሷ ጸሐፊዋ ናት እንዲያ የምትሞላው። ጽሑፉ 4:10 ብሎ ከጐኑ የጧቱን ምልክት ያሳያል ወይ አለን። አዎን። «እንግዲያስ» አለን፣ «የፈረንጅ 4:10 የእኛ ከሌሊቱ 10:10 ነው።»

እኛ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ፣ እኛ የሒሳብ መምህር፣ ቀኑን ከፌብሩዋሪ ወደ የካቲት መልሰን ሰዓቱን ሳንመልስ ትተነው ነበር። እኛ ብቻም አይደለንም፤ ርእሰ መምህሩ፣ የኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ 5 የተማሩ ሰዎች 4:10 የሚለውን አይተን አራት ሰዓት ከዐሥር ብለን አነበብን። ቀድሞ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበረ፤ ለአንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይከፍል ነበር። በትምህርት ቤት ስለዚህ ልማድ ስናስተምር ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን ሰኞ ወጣቱን ይዘን ወደ ርእሰ መምህሩ ቀረብን። ሥራውን ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል። አስቀድሞ ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቀ። ከዚያም ርእሰ መምህሩና እኛ በግራና በቀኝ እንድንቀመጥ አደረገ። መዝገቡን ሳይነካ አስቀድሞ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠው፤ የሚመረምረው ግልባጩን ነው። በባንኩ እንዲህ ያለው መዝገብ ከተጻፈበት ኮምፒዩተር ወጥቶ ሌላ ስፍራ ይቀመጣል፣ ሌባው ራሱ እንዳይፍቀው ነው አለን። ይህስ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን የርስትና የንብረት ነገር በወንጌል ኅዳግ ላይ የሚጽፉት ማንም ደፍሮ ስለማይፍቀው ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስም የገዳሙ አበምኔት መዓርግ ዐቃቤ ሰዓት ነበር፤ ይኸን ስንነግረው ወጣቱ፣ «እንግዲያስ የሥራዬ ስም ይሁንልኝ» ብሎ ቀለደ። ርእሰ መምህሩ አልሳቁም።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 1:41 ሲሆን ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። ወዲያው አንድ ስም ገባ። በ1:52 ያ ስም የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ሐሙስ የካቲት 13 አደረገው፤ ሮስተሩን ከፍቶ ለወጠ፤ ከ11 ደቂቃ በኋላ ሰዓቱን ወደ እሑድ መለሰና አጠፋው። ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። መዝገቡ ለእያንዳንዱ መስመር ተራ ቍጥር ይሰጣል፤ ተራ ቍጥሩም ሰዓቱ ወደ ኋላ ቢሄድም ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ከእሑድ በኋላ ሐሙስ፣ ከሐሙስ በኋላ ደግሞ እሑድ ተጽፎ ተገኘ። መዝገቡን ደምስሶት ቢሆን እንኳ «ተደመሰሰ» የምትል አንዲት መስመር ትቀር ነበር። ሰዓቱን ሲለውጥ ደግሞ ጧት በአራት ሰዓት ለማስመሰል 4 ብሎ ጻፈ፤ በቤቱ ያለው ሰዓት በእኛ አቈጣጠር የተሞላ፣ እንደ እኛ የሚቈጥር ሰው ነው ማለት ነው።

«የገባው ስም የማን ነው?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

ወጣቱ ወደ እኛ ሳያይ፣ «ስሙ የመምህር ነው» አለ። ጥቂት ቈይቶም፣ «እጁ የማን እንደ ሆነ ግን መዝገቡ አይናገርም» ሲል ጨመረ።

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። በዚያ ዓመት እሑድ ውላ፣ የጾሙም ዋዜማ ሆና ነበር። እኛ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ በማኅሌት ቆመን አድረን፣ ቅዳሴው እስኪፈጸም ከቤተ ክርስቲያን አልወጣንም፤ ምስክራችን ደብሩ ሁሉ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ቍልፍ በቤታችን ከበሩ ኋላ በሚስማር ተሰቅሎ ይኖራል። የይለፍ ቃላችንም የክርስትና ስማችንና የተወለድንበት ዓመት ነበር። ባለቤታችንና ልጆቻችን ለቅዳሴ መጥተው ነበር። ከቤት የቀረው አንድ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደግነው፣ የ15 ዓመት ልጅ የሆነው የእኅታችን ልጅ። ሆዴን ቈረጠኝ ብሎ ነበር።

ማታ ለብቻው ጠርተን ጠየቅነው፤ አልካደም። ከሦስቱ አንዱ፣ 35 ያገኘው፣ የነፍስ ጓደኛው ነው። የልጁ አባት በሒሳብ ከወደቅህ ትምህርትህ ይበቃል፣ እንደ ወንድምህ በጅቡቲ አድርገህ ባሕሩን ተሻግረህ ሳዑዲ ትሄዳለህ ብለውታል። ወንድሙ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ወሬው አልተሰማም። የአንዱን ብቻ ብለውጥ ይታወቃል ብሎ ሁለት ሌሎች ጨመረበት፤ ከእነርሱ አንዱ የጸሐፊዋ የአክስት ልጅ መሆኑን እንኳ አላወቀም። ሐሙስን የመረጠው የሥራ ቀን ስለ ሆነ ብቻ ነው።

«ሰዓት መለወጥን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ የተበላሸ ጊዜ እንዴት እንደሚስተካከል በክፍል አሳይተውን ነበር።»

ጸሐፊዋ ከታገደች ወዲህ ልጁ ምግብ አይቀምስም ነበር። እኛ ደግሞ ጾሙን አጥብቆ የያዘ መስሎን ለባለቤታችን አመስግነንለት ነበር።

በማግሥቱ በኮሚቴው ፊት ተነሥተን ነገሩን እንዳለ ተናገርን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ፣ ቍጥር 958፣ ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒዩተር መግባትንና ሰነድ መለወጥን ወንጀል ያደርገዋል፤ ይኸንንም ራሳችን አነበብንላቸው። ኮሚቴው የልጁን ዕድሜ አይቶ ለ15 ቀን ከትምህርት አገደው፤ ውጤቶቹም ወደ ቀድሞው ተመለሱ። እኛም የሮስተሩን ኀላፊነት አስረከብን። ከኮሚቴው አንድ ሰው የፊተኛው ቃለ ጉባኤ ይቀደድ ቢል፣ አይሆንም አልን፤ ፊርማችን ያለበት ወረቀት እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፣ የተሳሳትነውም ነገር በሌላ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ከጐኑ ይያያዝ ብለን በዚህ ተስማሙ።

ከባለቤታችንና ከልጁ ጋር ወደ ጸሐፊዋ ቤት ሄድን። ቡና አፈላችልን። ልጁ እግሯ ላይ ሲወድቅ አነሣችው፣ ሳመችውም። ለእኛ ግን እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ቃል አልተናገረችንም። በኋላ፣ «መታገዴ አይደለም፣ መምህር» አለችን፤ «በማርክና በሮስተር ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን፣ ስጠይቅዎት የመለሱልኝ በኮምፒዩተር ስም ነው።» የምንመልሰው አልነበረንም። ወደ ሥራዋ በተመለሰች ቀን የይለፍ ቃሉን ለወጠችው፤ ዛሬ ከእርሷ በቀር የሚያውቀው የለም። ከኮምፒዩተሩም ላይ በእጅ ጽሑፏ የፈረንጅን ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አጣምራ፣ ከ1 እስከ 12 ዘርዝራ ለጥፋበታለች። ወደ ጽሕፈት ቤት በገባን ቍጥር እናነበዋለን።

የወጣቱ እናት አሁን ለጎረቤት ሁሉ ልጇ ዘበኛ እንዳልሆነ ታስረዳለች፤ ምን እንደ ሆነ ግን ገና ግልጥ አላለላትም።

ለጓደኛው በየቅዳሜው ሒሳብ ልናስጠናው ጀምረን ነበር። 35ቱን ከደረሰበት ስፍራ ለማንሣት እስከ ሰኔ ጊዜ ነበረን፤ አባቱም እሺ ብለው ነበር። በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ፤ በሁለተኛውም አልመጣም። ብንጠይቅ በሌሊት ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ወጥቷል። የእኅታችን ልጅ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስልኩን በእጁ እንደ ያዘ ይተኛል። አንድ ሌሊት ለጸሎት ስንነሣ ነቅቶ አገኘነው።

«አባባ፣ በሳዑዲ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለን።

ከእኛ ጋር እኩል ነው አልነው።